የቅዳሜ ጠዋት መርዶ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች የሽኝት ግብዣ አዘጋጁልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ጸሎት ተደረገልኝ፣ ከዚያ አንዱ ጎረምሳ ማይኩን ያዘና «የእትዬ ፀዳለን የቅዳሜ ጠዋት መርዶ ያልሰማ አለ?» አለ። አዳራሹ ገና ሳይጀምር ሳቀ። ልጁ ነገሩ ሲሆን ጡት ይጠባ ነበር፤ የሰማው ከእናቱ ነው። እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ ለሳቅ የሚመቸው ቦታ ላይ ጨረሰው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሥራ ዘመኔን ሙሉ «በሜሎድራማ ውስጥ ሰው የሚሰማውን አይደብቅም፤ ያዘነ ይወድቃል፣ ያፈረ ፊቱን ይሸፍናል» እያልኩ ያስተማርኩ ሴትዮ ሀፍረቴን በኬክ አወራርጄ ቤቴ ገባሁ። ልጁ የተናገረው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ለኔ አዝነው አያነሱትም፤ ማዘናቸው ደግሞ ይብስብኛል።

ቴአትር የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ስመጣ ዲግሪዬን ገልጦ የሚያይልኝ አላገኘሁም። የመጀመሪያ ሥራዬ ዶቨር በሚባል ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ልጆች ሳንድዊች እንዳይወራወሩ መጠበቅ ነበር። ከዚያ ረዳት ሆንኩ፣ ከሥራ በኋላ ተማርኩ፣ የወረቀቱ ጣጣ አለቀና ኤሪን ውድስ አካባቢ ተተኪ አስተማሪ ሆኜ ዞርኩ። ተተኪ ማለት ጠዋት ስልክ ሲደወልልሽ ብድግ ብለሽ ሄደሽ የማታውቂውን ልጅ ስም እያጣመምሽ መጥራት ነው። እነሱም ያንቺን ያጣምሙታል፤ «ሚስ ሰዳሊ» እንደተባልኩ ቀረሁ። በመጨረሻ ቴምፕል ሰፈር አጠገብ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የድራማ አስተማሪ ሆንኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው።

ጊዜው የነዳጅ ዋጋ ያበደበት ነበር። ዳውንታውን ቀና ባልን ቁጥር ሌላ ክሬን ተተክሎ እናያለን። ኪራይ ሲንር ቤተሰብ ሁሉ ሰው ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ተጠጋ፤ አባቶች ወደ ሰሜን ወደ ነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ይሄዱና በተራቸው ለአጭር እረፍት ብቅ ይላሉ። ወንዶቹ ተማሪዎቼ ትምህርታቸውን አቋርጠው ነዳጅ መቆፈሪያው ሪግ ላይ ይቀጠራሉ፤ ከዚያ ከሁላችንም መኪና የሚበልጥ መኪና ይዘው ሊጠይቁን ይመጣሉ። ርዕሰ መምህራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የድራማ ክፍሉን የብየዳ ወርክሾፕ ማድረግ ይመኝ ነበር። «ሚስ፣ እነዚህ ልጆች መድረክ ላይ ማልቀስ ቢችሉ ምን ያደርግላቸዋል?» አለኝ አንድ ቀን። ይህን ጥያቄ እፈራው ስለነበር ትምህርቱን ሳይሆን ክፍሉን ማዳን ዋና ሥራዬ አደረግሁት። በየዓመቱ ሰው የሚያወራለት አንድ ነገር ማሳየት አለብኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሥራውን ያስያዙኝ ሚስስ ሆልት ናቸው። ከኔ በፊት ክፍሉን ይዘው የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ የሚመጡ ቀጭን ሴትዮ። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ልምምድ ሲጀመር ኪሮሻቸውን ይዘው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። የልጁ ሀዘን እዚያ ድረስ ካልደረሳቸው ፊታቸው ያለውን ወንበር ኳ ያደርጉታል። ልጁ ተመልሶ ከበር ይገባል። ኳ። እንደገና ይገባል። አይቆጡም፣ አያመሰግኑም። ደረሰኝ ሲሉ እጃቸውን ያቆማሉ፤ በቃ፣ ሽልማቱ እሱ ነው። አንድ የማይታለፍ ሕግም ነበራቸው። ልጅ የሆነ ሰው አካሄድ ወይም አሳሳቅ ኮርጆ ሲመጣ «ከማን ወሰድከው?» ይሉታል። «ከአያቴ።» «ጠየቅሃቸው?» ካልጠየቀ ያ ነገር መድረክ ላይ አይወጣም። እኔ ያኔ የፈረንጅ ጣጣ አድርጌ ነበር የማየው። እኛ አገር ማን ማንን አስፈቅዶ ያስመስላል?

ሜሎድራማን ለአሥረኛ ክፍል የማስጀምረው በመስከረም ነው። የመጀመሪያ ቀን ቃል መናገር ክልክል ነው። አራት ሰው ብቻ አለ እላቸዋለሁ፤ ክፉው፣ የዋኋ፣ ጀግናውና አሽከሩ። ክፉው ሲገባ ትከሻው ይቀድማል፣ የዋኋ ደረቷ፣ ጀግናው አገጩ፣ አሽከሩ ሆዱ። ወንበሩን ገፍተን በክፍሉ ዙሪያ እንራመዳለን። ቀጥሎ ተመልካችነትን እናጠናለን፤ ምክንያቱም በሜሎድራማ ተመልካቹም ሥራ አለው። ክፉው ሲመጣ «እስስስ» ይለዋል፣ ክፉውም ዞሮ ያፈጥጥበታል። ከዚያ ሀዘን ይመጣል። ሀዘን ከታች ይጀምራል፤ መጀመሪያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ፣ ከዚያ አንገት። እጅ መጨረሻ ነው የሚወድቀው፤ እጅ ከቀደመ ማንም አያምንም። ከወደቁ በኋላ ፒያኖው እስኪጨርስ ደርቆ መቅረት ነው፤ ልጆቹ ፍሪዝ ይሉታል። ለተመልካች ደግሞ ጀርባ አይሰጥም፤ ቤትሽ ቢቃጠል እንኳ ፊትሽ ወደ ሰው ነው።

በዚህ ትምህርት አዲስ የመጡት ልጆች ይፈቱ ነበር። እንግሊዝኛው ገና ያልያዘለት ልጅ ክፉውን ሲጫወት ክፍሉ ሁሉ በእስስታ ይቀበለዋል፤ በዚያ ቀን ጓደኛ ያገኛል። አንዳንዱ አስተማሪ ሜሎድራማን ማላገጫ ያደርገዋል። ሚስስ ሆልት ግን «መጀመሪያ እመኑት፤ ሳቅ ካለው ራሱ ይመጣል» ይሉ ነበር። እኔም እንዲሁ እል ነበር፣ በአፌ።

ሳባ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ልጅ ናት። እናቷ ለተብርሃን አሥመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ ሌሊት ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምታጥብ ሴት ነች። አባቷ ሃብቶም ካምፕ ነበር። ሳባ ሰው ፊት ትንፍሽ የማትል ልጅ ስትሆን መድረክ ላይ ግን ገና ከበር ስትገባ የሚስስ ሆልት ኪሮሽ ይቆማል። እንዲህ ያለ ተማሪ አስተማሪን በዕድሜው አንዴ ቢገጥመው ነው። ቴአትር ኮሌጅ መግባት እንደምትፈልግ ለኔ ብቻ ነገረችኝ፤ ለመግቢያ ፈተናው ላዘጋጃት ቃል ገባሁላት።

በዚያ ዓመት ፓስተሩ ለገና አንድ ድራማ ጠየቁኝ። የልጆቹ አማርኛ የተሰባበረ ነው፤ ሜሎድራማ ደግሞ ብዙ ቃል አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ድርሰት ጻፍኩ፤ ክፉው አጎት የዋኋን ልጅ መሬት ሊቀማ አስቦ «ወንድምሽ ሞቷል» የሚል የሐሰት መርዶ ይልክባታል። የዋኋ ሳባ ናት። መርዶ ነጋሪዎቹን ልጆች ቢሠሩት ያስቃሉ ብዬ እውነተኛ ሽማግሌዎች መለመልኩ፤ ጋሼ ወርቁንና አራት እኩዮቻቸውን። አንዲት እናት «ኧረ ሟርት ነው፣ ሞት አትጥሩ» ብላ ነበር። ጋሼ ወርቁ «ልጄ፣ እኛ በሟርት አናምንም፤ ነፃ ወጥተናል» አሏት፤ ካፖርታቸውንም ላውንድሪ ሰጥተው አሳጠቡ።

አንድ ቅዳሜ የምንለማመድበት አዳራሽ ለሠርግ ተያዘ። ሳባ «ሚስ፣ እኛ ቤት ቤዝመንቱ ባዶ ነው፣ ቴናንቱ ለቋል» አለችኝ። «ማሚ ከሺፍት መጥታ ትተኛለች፣ ሶ በጎን በር ግቡ።» ልብስ መቀየሪያ ስለማይኖር ሽማግሌዎቹን ለብሳችሁ ኑ አልኳቸው። የጎን በሩን ግን ሳልነግራቸው ቀረሁ። ብነግራቸውም አይረዳም ነበር። የኛ ሽማግሌ ባለቤቷን ሰላም ሳይል በጎን በር ሹልክ ብሎ ሰው ቤት አይገባም። ለቀጠሮም አይዘገይም፤ ከኔ ቀድመው ደረሱ።

እኔ ፓርክ አድርጌ ስወርድ አምስቱም በሩ ላይ ተደርድረዋል። ጥቁር ካፖርት፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ገና ጠዋት፣ ብርዱ ደግሞ አፋቸውን ዘግቶታል። ባሏ ሩቅ ሥራ ላይ ያለ ሴት በር ላይ።

ለተብርሃን የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ከፈተች። ምን ሆናችሁ ነው አላለችም። አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ነጠላቸውን አየች። አንድ እጇን ወደፊት ዘረጋች፣ አላስገባችሁም እንደማለት። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት፣ ከዚያ ወገቧ። ያ የተዘረጋ እጅ መጨረሻ ላይ ወረደና ምንጣፉን ቸብ ቸብ ማድረግ ጀመረ፤ ሕፃን ሲያስተኙ እንደሚደረገው፣ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ወርቁ ደነገጡ። «ኧረ ደህና ነው! ልጄ፣ ሃብቶም ደህና ነው!» አሉ። ከዚህ የባሰ ነገር ሊናገሩ አይችሉም ነበር። መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ አይዞሽ፣ እስቲ ተቀመጪ። ሌላው «ድራማ ነው!» አሉ፤ ማን ይስማቸው። ሳባ ከታች ሮጣ መጣች።

«ማሚ፣ ስቶፕ! ዳዲ ኢዝ ፋይን! ድራማ ነው፣ አይ ስዌር!»

ለተብርሃን ልጇን ቀና ብላ አየቻት። «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለቻት።

ወደ ካምፑ ሲደወል ሃብቶም ሺፍት ላይ ነው፣ መልእክት እንነግረዋለን ተባልን። እስኪደውል ድረስ ቤቱ ሞላ። የሰፈሩ ሐበሻ ሰምቶ መጣ። ውሃና ወንበር ተሸክሞ የመጣ አለ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ከበር ጀምሮ እያለቀሰ የገባም አለ። እኩለ ቀን ላይ ሃብቶም ደወለ። «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲል ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና ቤቱ በእልልታና በሳቅ ተናጋ። ለተብርሃንም ሳቀች። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ሴት የመጣውን ሰው ሁሉ ምሳ አብልታ ሸኘች። ጎረምሳው ሽኝቴ ላይ የጨረሰው እዚህ ጋ ነው።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያደረግሁትን ግን አያውቅም። አላነሳኋትም። ሌሎቹ ሲሯሯጡ እኔ እጇን እያየሁ ነበር። ጉልበት፣ ወገብ፣ እጅ፤ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን ቅደም ተከተል ማንም ሳያስተምራት። ያንን ቸብ ቸብ ግን የትም መድረክ ላይ አይቼው አላውቅም። «ይሄማ አይገኝም!» አልኩ በልቤ። ሰው በቁሙ ሲወድቅ እያየሁ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ ብቻዬን ቁጭ ብዬም ፊቴ ይግላል።

ሰኞ ለክፍሉ ወድቄ አሳየሁ። ሳባ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ልጆቹ ፀጥ አሉ፤ በዚያ ክፍል እንዲህ ያለ ፀጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሲወጡ ሳባ ወደኋላ ቀረች።

«ሚስ፣ ዛትስ ማይ ማም» አለችኝ።

«ለዚህ እኮ ነው ካንቺ የተሻለ ማንም የማይሠራው» አልኳት።

ምን እያለችኝ እንደነበር ዛሬ ገብቶኛል ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያኔም ገብቶኝ ነበር። እኔ አስተማሪዋ ነኝ፣ በቤተ ክርስቲያን ታላቋ ነኝ፣ ለኮሌጅ የማዘጋጃት እኔው ነኝ። እንቢ የምትልበት መንገድ አልተውኩላትም። አንገቷን ደፋች፣ ከዚያም ተለማመደችው፤ እንደ ፈራሁትም እንደ ተመኘሁትም ከኔ በጣም የተሻለ ሠራችው።

የገና ዕለት አዳራሹ ሞላ። ርዕሰ መምህሩን ጋብዤዋለሁ፤ ሚስስ ሆልትም ኪሮሻቸውን ይዘው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ወጥቼ ሕዝቡን አለማመድኩ፤ ክፉው ሲመጣ እስስስ፣ ጀግናው ሲመጣ እልል፣ የዋኋ ስታዝን «ወይኔ!» በሉ አልኳቸው። ፓስተሩ ሳይቀሩ እስስስ አሉ። ጨዋታው እንደ ቅቤ ሄደ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ሳባ በሩን ከፈተች። እጇ ተዘረጋ። ጉልበት። ወገብ። እጁ ወረደና ወለሉን ቸብ ቸብ አደረገ።

እኔ ያንን የክፍሉን ፀጥታ ነበር የምጠብቀው። ከመሃል አንዲት ሴት «ኧረ ለተብርሃን! ቁርጥ ለተብርሃን!» አለች፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ሳቁ፤ እንዲሉ ያለማመድኳቸው እኔው ነኝ። ለተብርሃን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ። ሳባ ግን እጇን አላቆመችም። ፒያኖው ጨረሰ፤ እሷ አሁንም ወለሉን ቸብ ቸብ ታደርጋለች። ከዚያ ተነሣች፣ ለተመልካቹ ጀርባዋን ሰጠች፣ ወጣች። ሕዝቡ የድራማው ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

ርዕሰ መምህሩ የሳቁን እንባ እየጠረገ እጄን ጨበጠኝ። «ክፍልሽን ማንም አይነካውም» አለኝ። የተመኘሁትን አገኘሁ። ሚስስ ሆልት ቆይተው መጡ። በዚያ አዳራሽ ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔ አማርኛ ስለማያውቁ ነው ብዬ ነበር።

«ያንን እጅ ልጅቷ ከማን ወሰደችው?» አሉኝ።

«እኔ ፈጥሬላት ነው» አልኳቸው።

ኪሮሻቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ መልካም ገና ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሌ መምጣታቸው እየሳሳ ሄደና ቀረ።

ሳባ በጥር ድራማ ትታ አካውንቲንግ ገባች። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ሃይ ሚስ» ብላኝ ታልፋለች፤ ልጅ ስለሆነች አትሰድበኝም፣ ጨዋ ስለሆነች አትሸሸኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለኔ ነው። የኮሌጅ ፈተናውን ነገር እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት። ይባስ ብዬ ያንን እጅ በየመስከረሙ ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ ልጆቹን ፀጥ የሚያሰኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ለተብርሃን ከሰው ሰምታለች። እሑድ እሑድ ጉንጬን ስማ «እትዬ፣ አሁንም የኔን አወዳደቅ ያስተምራሉ አሉ?» ትለኛለች። «አዎ፣ ዝነኛ ሆነሻል» እላታለሁ። እንሳሳቃለን።

ሃብቶም፣ የነዳጁ ነገር ሊቀዘቅዝ ሲል ይመስለኛል፣ እረፍት ወስዶ አዲስ አበባ ያለች እህቱን ሊጠይቅ ሄደ። እዚያው ልቡ ቀጥ አለ። ስልኩ የመጣው እንደ ደንባችን ለሚስቱ ሳይሆን ለጋሼ ወርቁ ነው። ሳባ ኤድመንተን ኮሌጅ ገብታ ነበርና የሚያመጣት ሰው ተላከ። «ለተብርሃን አንቺን ትወድሻለች፣ አብረሽን ሁኚ» አሉኝ ጋሼ ወርቁ። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት፣ እነዚያው አምስቱ በሩ ላይ ቆሙ፤ እኔ ከኋላቸው።

ከፈተች። ካፖርታቸውን አየች፣ ነጠላቸውን አየች። ፊቷ ተለወጠ፣ እጇ መነሣት ጀመረ። ከዚያ በትከሻቸው መሃል እኔን አየችኝ።

«እትዬ ፀዳለ!» አለችና ሳቀች። «እርስዎ ካሉማ ሪሀርሳል ነው! ሁለተኛ እንኳ አልሸወድም። ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው።»

ወንበር ልታወጣ ገባች። ጋሼ ወርቁ ተከትለዋት «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሏት።

«ጋሼ ወርቁ፣ ዘንድሮስ አሻሽለዋል!»

እንባቸው ወረደ። እሷ እያየቻቸው አጨበጨበች። ቢያለቅሱም ድራማ ነው፣ ቢምሉም ድራማ ነው። አምስቱም ሽማግሌዎች ዞረው እኔን አዩኝ። በዚያ ቤት ውስጥ የምታምነው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስንቱን ልጅ መርዶ ሲገባ እንዴት እንደሚቆም አስተምሬያለሁ። እዚያ ምንጣፍ ላይ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። «ለተብርሃን፣ እውነት ነው» አልኳት። «ሃብቶም አርፏል።»

ሳቁ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ባወጣችው ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገባችና ተቀመጠችባቸው። ጋሼ ወርቁ ሊይዟት ሲጠጉ ራሷን ነቀነቀች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አልተቆጣችም፤ እንደ ሁልጊዜዋ በአክብሮት ነው የተናገረችኝ።

«እትዬ፣ አደራዎን» አለች፣ «ይቺኛዋን ለልጆቹ አያሳዩብኝ።»

ወጣሁ። ያለቀሰችው በሩ ከኋላዬ ከተዘጋ በኋላ ነው።